የበረዶ ቀን የትኛው አካፋ ያዋጣል? በጎጃም ገበያ የሚገኙ የቤት መሣሪያዎች ሲመዘኑ

ከደብረ ማርቆስ እስከ እንጅባራ፣ ከቢቸና እስከ ሞጣ፣ በተለይም ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚወጣው ጮቄ ሥር ባሉ መንደሮች በረዶ የዘነበ ዕለት ከጥግ የሚነሳው ያው የቤቱ አካፋ ነው። ያ አካፋ ግን የተገዛው ለአሸዋና ለጭቃ ነው። እርጥብ በረዶ ላይ ሲውል ግማሹ ጉልበት ብረቱ ላይ የተጣበቀውን ለማራገፍ ይሄዳል። ጣሪያ ላይ ከወጣ ደግሞ በረዶው ያልነካውን ቆርቆሮ ይቧጭረዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚመዘነው በሱቅ የሚሸጠው ብቻ አይደለም። ከበርሜል፣ ከጀሪካንና ከቀርከሃ እቤት የሚሠራውም ተካቷል፤ እንዲያውም የበለጠው እሱ ነው።

ፍርዱን መጀመሪያ ማወቅ ለሚፈልግ፦ 100 ካሬ ሜትር ገደማ ግቢ ላለው ቤት ሦስት ነገር ይበቃል። አንደኛ ከፕላስቲክ በርሜል የተቆረጠ መግፊያ፣ ሁለተኛ ሰም የተቀባ ጠፍጣፋ አፍ አካፋ፣ ሦስተኛ ጫፉ ላይ ላስቲክ ያለው ጣውላ የታሰረበት ቀርከሃ። ትልቁን የእህል አካፋ ለዚህ ሥራ ብሎ መግዛት ግን ገንዘብ መጣል ነው፤ ምክንያቱ ክብደት ነው።

የበረዶ ፍሬ ድቡልቡል ስለሆነ ሲከመር በመካከሉ አየር ይቀራል። ከክምሩ 60 በመቶ ያህሉ በረዶ፣ ቀሪው ክፍተት ነው። ድፍን በረዶ በአንድ ሜትር ኩብ 917 ኪሎ ይመዝናል፤ ስለዚህ ገና የወረደ ክምር በሜትር ኩብ 550 ኪሎ አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። ዝናቡ ከቀጠለና መውረጃው ከተዘጋ አብዛኛውን ክፍተት ውሃ ይሞላውና ክምሩ ወደ 900 ኪሎ ይጠጋል። በሰሜን አገሮች ክረምቱ ሲያልቅ የሚወርደው እርጥብ አመዳይ (እንደ ጥጥ የሚወርደው በረዶ) ከ300 እስከ 500 ኪሎ ነው፤ እዚያ ሰውን ወገቡን የሚያስይዘው እሱ ነው። የእኛው የበረዶ ክምር ከእሱም ይከብዳል። 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት 100 ካሬ ሜትር ግቢ ላይ ሲያርፍ 5 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 27 ኩንታል ተኩል ነው። አንድ ሜትር ስፋትና 20 ሜትር ርዝመት ያለው ከበር እስከ መንገድ የሚያደርስ መተላለፊያ ብቻ ከተጠረገ ግን አምስት ኩንታል ተኩል ነው። ስለዚህ የሚጠረገው መተላለፊያው ነው፤ ሌላው ውሃ መውረጃው እስከተከፈተ ድረስ በራሱ ይቀልጣል።

የበርሜል መግፊያ

ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ሱቅ ውስጥ የለም፤ ግን ግማሽ ቀን ያላነሰ ጊዜ ያለው ሰው፣ ሴጌቶና ትራፓኖ ካገኘ ይሠራዋል። በረዶን ማንሳት ሳይሆን መግፋት ስለሆነ ሥራው ወገብ ላይ አያርፍም። ፕላስቲኩ ደግሞ እርጥብ በረዶ አይዝም።

ባለ 200 ሊትር ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ይፈለጋል። አሮጌና የተሰነጠቀ ቢሆንም ችግር የለውም፤ ጎኑ ደህና ይሁን እንጂ። ውስጡ ምን እንደነበረ መጠየቅ ግን ግድ ነው፦ የጸረ ተባይ ወይም የአሲድ በርሜል አይቆረጥም። ከጎኑ 60 በ35 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ይወጣል። 60ው በበርሜሉ ቁመት፣ 35ቱ በዙሪያው በኩል መሆን አለበት። እንዲህ ሲሆን ቁራጩ ራሱ ጎበጥ ያለ ይሆንና በረዶውን ወደ ፊት እያንከባለለ ይሄዳል። ተገላብጦ ከተቆረጠ ጉብጠቱ ወደ ጎን ይሆንና በረዶው በሁለቱ ጫፍ ያመልጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ከጀርባው 55 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሞራሌ ከታችኛው ጠርዝ 8 ሳንቲ ሜትር ከፍ ተደርጎ በአራት ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎን ይታሰራል። የብሎኑ ጠፍጣፋ ራስ በበረዶው በኩል፣ ሮንዴላውና ዳዶው በጀርባ በኩል ይሁን። ራሱ ወጣ ያለ ብሎን ከሆነ በረዶው እዚያ ላይ መሰብሰብ ይጀምራል። ያ 8 ሳንቲ ሜትር ሳይታሰር የቀረው ከንፈር ጥቅም አለው፦ መግፊያው ድንጋይ ወይም የሰሚንቶ ስንጥቅ ሲያጋጥመው ይተጣጠፍና ያልፈዋል። ሞራሌውን እስከ ጠርዙ ማውረድ መግፊያው በየጠጠሩ እንዲነቀፍና እጀታው ሆድ ላይ እንዲመታ ያደርጋል።

እጀታው 150 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ጫፉ ሞራሌው መሃል ላይ በአንድ ወፍራም ብሎን ይያዛል፤ ከዚያ ከሞራሌው ሁለት ጫፎች ተነስተው ከግማሽ ሜትር ከፍታ ላይ እጀታውን የሚይዙ ሁለት ደጋፊ እንጨቶች ይታሰራሉ። ደጋፊ የሌለው መግፊያ በጠዋቱ ይጣመማል። ጠቅላላ ክብደቱ ከ4 ኪሎ አይበልጥም።

ሲሠራበት ከሦስት ሜትር በላይ በአንድ ጊዜ አይገፋ። 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን በረዶ አንድ ሜትር መግፋት 16 ኪሎ ያህል ይሰበስባል፤ ሦስት ሜትር ላይ 50 ኪሎ ደርሷል። ከዚያ በኋላ መግፊያው ክምሩ ላይ መውጣት ይጀምራል፤ ከሥሩ የቀረው ደግሞ ተረግጦ ይጠነክራል። እያንዳንዱን ሦስት ሜትር ወደ ጎን እያዘነበሉ መሄድ ነው። ቁልቁል ከሆነ የተሻለ ነው፤ ሽቅብ የሚገፋ ግን መሣሪያውን አላወቀውም። ድክመቱም ይታወቅ፦ ሣር ላይና የተረገጠ መሬት ላይ ጥሩ አይሠራም፤ በተረገጠና በተጣበቀ በረዶ ላይ ደግሞ ጨርሶ አይረዳም።

አካፋው

በሱቅ ሁለት ዓይነት አለ፦ ሹል አፍና ጠፍጣፋ አፍ። ሹሉ ለመቆፈር ነው። ሰሚንቶ ወይም ኮብልስቶን ላይ ሲገፋ በጫፉ ብቻ ይነካና ግራና ቀኙን ይተዋል። ጠፍጣፋው ግን 25 ሳንቲ ሜትሩን በሙሉ ይጠርጋል። ለበረዶ የሚገዛው ጠፍጣፋው ነው። ሹሉ የሚያስፈልገው በማግስቱ ነው፤ ቦዩ ውስጥ ከበረዶው ጋር የመጣው ዋልካ ሲረጋ።

25 በ30 የሆነ አፍ 10 ሳንቲ ሜትር ተቆልሎ ሲሞላ 7 ሊትር ተኩል ይይዛል፤ ይህ ደረቅ ሲሆን 4 ኪሎ፣ ውሃ ሲጠጣ 6 ኪሎ ተኩል ነው። በዚህ ላይ አካፋው ራሱ ሁለት ኪሎ ይጨመራል። 40 በ45 የሆነው የእህል አካፋ በዚያው ቁልል 18 ሊትር ይይዛል፤ ከ10 እስከ 16 ኪሎ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ማንሳት ለጉልበተኛ ሰው ምንም አይደለም። መተላለፊያውን ለመጥረግ ግን በእሱ ከሃምሳ ጊዜ በላይ ማንሳት ይጠይቃል፤ ሥራው ሳያልቅ ወገብ ይናገራል። ትልቅ አካፋ ሥራ ያፋጥናል የሚለው ሐሳብ ለገለባ እውነት ነው፤ ለበረዶ አይደለም። ትንሹም ቢሆን ግማሽ እየተሞላ ይነሳ።

ሲገዛ አንገቱ ይታይ። እጀታው የሚገባበት ብረት 20 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። አጭር ከሆነ እንጨቱ በአንገቱ አፍ ላይ ይሰበራል። የብረቱ ውፍረት አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ካልሞላ አፉ ሥሩ ላይ ይታጠፋል፤ በሁለት አውራ ጣት ጫን ብሎ ማየት ይበቃል። ከአንገቱ ሥር በጀርባ በኩል ጉድጓድ ካለ ደግሞ ጭቃና በረዶ እዚያ ውስጥ ይጠቀጠቅና እያንዳንዱን ማንሳት ያከብደዋል። ጉድጓዱን በተጠረበ እንጨት መድፈን ቀላል ነው፤ ግን ከመጀመሪያውም የተደፈነውን መምረጥ ይሻላል።

አብሮት የሚሸጠው እጀታ ብዙ ጊዜ አጭርና ያልደረቀ ነው። አካፋው መሬት ላይ ቆሞ እጀታው ብብት ላይ መድረስ አለበት። ወይራ ይጸናል፤ ይከብዳል ግን። ባሕር ዛፍ ለበረዶ በቂ ነው፤ እርጥቡን ማስገባት ግን ስህተት ነው፦ ሲደርቅ ይቀጥንና ይላላል፣ ፀሐይ ላይ ቢደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል። ሁለት ሦስት ወር ጥላ ውስጥ ደርቆ፣ ልጡ ወጥቶ፣ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ተልጎ ነው የሚገባው። የላላውን እጀታ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማጥበቅ የተለመደ ነው፤ ለዚያች ቀን ይሠራል። እንጨቱ ሲያብጥ በብረቱ ላይ ተጨፍልቆ ስለሚቀር ግን ሲደርቅ ከበፊቱ የበለጠ ይላላል። ትክክለኛው ሽብልቅ መክተት ነው።

እጀታውን ተልባ ዘይት መቀባት ዕድሜውን ያረዝመዋል፤ የተልባ ዘይት በአየር ይደርቃልና በእንጨቱ ላይ ሽፋን ይሆናል። በስሱ ይቀባ፣ በጨርቅ ይጠረግ፣ ብዙ ቀን ይቆይ። ያ ዘይት የነካው ጨርቅ ግን ተጠቅልሎ ጥግ አይጣል፤ ሲደርቅ ሙቀት እየፈጠረ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላልና ተዘርግቶ ውጭ ይሰጣ።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ መጣበቁ። እቤት ውስጥ የቆየ አካፋ ከበረዶው ይሞቃል። የመጀመሪያዎቹን ፍሬዎች ያቀልጥና ብረቱ ላይ ቀጭን ውሃ ይተኛል፤ ቀጣዩ በረዶ በዚያ ውሃ ይያዛል። ስለዚህ አካፋው ከመሥራት በፊት አሥር ደቂቃ ያህል በረዶው ውስጥ ተሰክቶ ይቀዝቅዝ። ሁለተኛው ሰም ነው። ጎጃም ማር አይጠፋበትምና ሰም ማግኘት አያስቸግርም፤ ጠጅ ከሚጠመቅበት ቤት የሚወጣው ሰፈፍም ቀልጦ በጨርቅ ከተጣራ ያገለግላል። ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት ተጠርጎ ብረቱ ከፍም አጠገብ ይሞቃል። ሰም በ60ዎቹ ዲግሪ ስለሚቀልጥ እጅ የማይችለው ያህል መጋል ይበቃዋል። ሰሙ በአፉ ሁለት ገጽ ይታሻል፣ ትርፉ በጨርቅ ይወለወላል። በሥራ መሃል ሲለቅ ለመደገም ኪስ ውስጥ ቁራጭ ሻማ መያዝ ነው።

ኑግ ዘይት የሚቀቡ አሉ። ለአንድ ቀን ያንሸራትታል። ኑግ ግን እንደ ተልባው ሁሉ የሚደርቅ ዘይት ነው፤ ሳይታጠብ ከተቀመጠ ብረቱ ላይ ሙጫ ሆኖ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ በረዶውም አፈሩም እዚያ ላይ ይለጠፋል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ደግሞ ከአካፋው ወደ ጓሮው ይሄዳል። ጎመን የሚበላበት ግቢ ውስጥ አይግባ።

ላይዳና ጀሪካን

ከዋንዛ ዓይነት ቀላል እንጨት የተጠረበ ላይዳ (የአውድማ የእንጨት አካፋ) ያለው ቤት ጥሩ ነገር አለው። አፉ ሰፊ ነው፤ እንጨት ደግሞ ሙቀት ቶሎ አያስተላልፍምና በረዶ እንደ ብረት አይዝም። ለአዲስ፣ ላልተረገጠ፣ ለስላሳ ክምር ከብረት አካፋ ይበልጣል። ለጓሮ መደብም የሚመከረው እሱ ነው፤ ሥር አይቆርጥም። ሆኖም መጫኛና መፈልቀቂያ አይደለም፤ ሰሚንቶ ላይ መጎተት አፉን ይሸርፈዋል፣ ረጥቦ ከዋለ በኋላ እሳት ዳር ማድረቅ ደግሞ ይሰነጥቀዋል። የአውድማ መሣሪያ ነውና ለእህሉ መቆጠብ የሚፈልግ አያጣም፤ እውነቱን ነው።

ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ከእጀታው በታች ጀምሮ በሰያፍ እስከ ሥሩ ሲቆረጥ 10 ሊትር ገደማ የሚይዝ መዝገኛ ይወጣዋል። ከፕላስቲክ በርሜሉ ጋር አንድ ባሕርይ አለው፦ በረዶ አይዝም። በር ደጃፍ ላይ፣ ደረጃ ላይ፣ ቦይ ውስጥ፣ ማለትም አካፋ በማይገባበት ቦታ ሁሉ ተንበርክኮ ለመዛቅ ይረዳል። ጠርዙ እጅ ስለሚቆርጥ በሞረድ ይለስልስ።

ጣሪያ

እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል፤ ብልሽቱም አደጋውም የሚበዛው ጣሪያ ላይ ነው። ቁልቁለቱ ደህና የሆነ የቆርቆሮ ቤት በረዶውን በራሱ ያወርዳል፤ የሣር ክዳን ቤትም ተዳፋት ስለሆነ ብዙ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ተለጥፎ የተሠራው ማዕድ ቤት፣ በረንዳው፣ የሱቅ ዳሱ ነው። ዝቅ ያለ ነው፣ በዚያ ላይ ከላይኛው ጣሪያ የተንሸራተተው ሁሉ እሱ ላይ ይወርዳል። 12 ካሬ ሜትር በረንዳ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ቢከመር 6 ኩንታል ተኩል ያህል ነው፤ ከሥሩ ያሉት ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀጫጭን የባሕር ዛፍ አጣናዎች ናቸው። አጣናው ጎብጦ ከታየ፣ ወይም ሲንጣጣ ከተሰማ፣ ከሥሩ ሰው ይውጣ። ከዚያ በኋላ ነው የሚሠራው።

ማንም ጣሪያ ላይ አይውጣ። መሰላልም አይመከርም፤ እግሩ የሚያርፍበት መሬት በረዶ ነውና። ከመሬት ሆኖ የሚጎተት መሣሪያ ነው የሚያስፈልገው። ለዚህ ከእንጅባራ አካባቢ የሚመጣው ቀርከሃ የሚተካ የለውም፤ ከ4 እስከ 5 ሜትር ርዝመት ኖሮት አንድ ሰው በቀላሉ ይይዘዋል። ጫፉ ላይ 50 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 12 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ቀላል ጣውላ በአግድም ይታሰራል። ቀርከሃው ላይ ምስማር አይመታ፤ በርዝመቱ ይሰነጠቃል። በትራፓኖ በስቶ ብሎን ማስገባት፣ ከበሳው ግራና ቀኝ ደግሞ በሽቦ ጠምጥሞ ማጥበቅ ነው። በጣውላው ታችኛው ጠርዝ ላይ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ የተቆረጠ፣ 3 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ የወጣ ጥብጣብ ይለጠፍና ይቸነከራል። ቆርቆሮውን የሚነካው ላስቲኩ ብቻ ይሁን። ቆርቆሮን ከዝገት የሚጠብቀው የዚንክ ሽፋን በጣም ስስ ነው፤ አካፋ የጫረው መስመር በሚቀጥለው ክረምት ቡናማ ሆኖ ይታያል።

አጎታተቱ፦ መጀመሪያ ከክዳኑ ጫፍ አንድ ሜትሩ ይወርዳል፣ ከዚያ ቀጣዩ ሜትር፣ እንዲያ እያለ ወደ ላይ ነው። ከላይ ከተጀመረ ሁሉም ባንድ ላይ ይናድና ጎታቹ ላይ፣ ካልሆነም አሸንዳው ላይ ይወርዳል። ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ይጎተት፤ ወደ ጎን መጎተት የቆርቆሮዎቹን መደራረቢያ ይገልጥና ምስማሩን ያነቃንቃል። በቆርቆሮው ሽንተረር ውስጥ የቀረውን ለማውጣት መታገል አያስፈልግም፤ የላዩ ከተነሳ ያ በራሱ ይንሸራተታል። ሠራተኛው ከሚወርደው በረዶ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ይቁም። የመብራት ሽቦ ወደ ቤቱ በሚገባበት በኩል ደግሞ ይህ መሣሪያ ጨርሶ አይነሳ፤ እርጥብ ቀርከሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

አሸንዳ ለብቻው ይታይ። 15 በ12 የሆነ አሸንዳ ሲሞላ በእያንዳንዱ ሜትር 10 ኪሎ በረዶ ይይዛል፤ ውሃ ሲጨመርበት 16። መያዣ ብረቶቹ ተራርቀው ከተተከሉ መሃሉ ይረግባል፤ የረገበ አሸንዳ ደግሞ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ውሃ ያቁራል። ሁሉንም ማውጣት ግን ግዴታ አይደለም። ቱቦው አፍ ላይ የተጠቀጠቀውን በረዶና ቅጠል በቀጭን ቀርከሃ መክፈት ይበቃል፤ የቀረው ቀልጦ ይሄዳል። በረዶ ከባሕር ዛፍ ያረገፈው ቅጠል ነው ቡሽ የሚሆነው። የፕላስቲክ ቱቦ ላይ የፈላ ውሃ ማፍሰስ ቱቦውን ያጣምመዋል፤ ለብ ያለ ይሁን።

ማጓጓዣ፣ ሞተር፣ ጨው

የእጅ ጋሪ ሰሚንቶ ላይ ጥሩ ነው፤ 65 ሊትር የሚይዘው ገንዳ 36 ኪሎ ደረቅ በረዶ ይጭናል። በረዶ የራሰው ዋልካ ላይ ግን ጎማው ይሰምጣል። እዚያ ሁለት ሰው የሚሸከመው የግንበኞች ባሬላ ይሻላል። የሚገዛ ከሆነ አየር የሚሞላ ጎማ ያለው ጋሪ ይመረጥ፤ ድፍኑ ጎማ ቀጭን ነውና መሬቱን ይቆርጣል።

ከውጭ አገር በሞተር የሚሠራ የበረዶ መጥረጊያ የማስመጣት ሐሳብ ያላቸው አሉ። መልሱ አይሆንም ነው። እነዚያ ማሽኖች ለብናኝ አመዳይ የተሠሩ ናቸው። እዚያው በአገራቸው እንኳ አመዳዩ ሲረጥብ መትፊያ ጉሮሯቸው ይዘጋል፤ ሰዎች ሞተሩ ሳይጠፋ በእጃቸው ሊከፍቱ ሲሞክሩ ጣታቸውን ያጣሉ። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ምላጩ ታንቆ የያዘውን ኃይል ሊለቅ ስለሚችል በእንጨት ነው የሚከፈተው። ጠጠር በሞላበት የእኛ ግቢ ደግሞ ከበረዶው ጋር ድንጋይ ይወረውራል።

ጨው መነስነስም ይቅር። ያቀልጣል፤ ነገር ግን ቀልጦ የሚሄደው ወደ ጓሮውና ወደ ጌሾው ሥር ነው፣ ቆርቆሮና ምስማርም ያዝጋል። በምትኩ ከምድጃ የወጣ አመድ መተላለፊያው ላይ በስሱ ይበተን፤ ጠቆር ስለሚል ፀሐይ ስትወጣ ሙቀት ይስባል፣ እግርም አያንሸራትትም። አዊን ጨምሮ በብዙ የጎጃም ወረዳ አፈሩ አሲዳማ ነው፤ ጥቂት አመድ ጓሮ ቢደርስ የሚጎዳው ነገር የለም። ፍሙ የበረደ መሆኑ ግን ይረጋገጥ።

መጀመሪያ የትኛው ይጠረግ?

ነጎድጓዱ ከቆመ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ማንም ብረት ይዞ ግቢ አይውጣ። ያ ግማሽ ሰዓት አካፋውን ሰም ለመቀባትና ቦቲ ለማድረግ ይበቃል። የጎማ ጓንት ከሥሩ የጥጥ ጓንት ይደረብበት፤ የቆዳ ጓንት ውሃ ይጠጣና እጅ ያደነዝዛል።

ከዚያ የሚጀመረው ከበሩ አይደለም፤ ግቢው ውሃ ከሚያስወጣበት ከታችኛው ጫፍ ነው። ቦዩና ከአጥሩ ሥር ያለው ቀዳዳ ሳይከፈት ላዩ ቢጠረግ የሚቀልጠው ሁሉ እዚያው ይተኛል፤ በረዶውም ያንን ውሃ ጠጥቶ ክብደቱ ከግማሽ በላይ ይጨምራል። ቀጥሎ የአሸንዳው ቱቦ፣ ከዚያ ዝቅተኛው ጣሪያ፣ መተላለፊያው ከሁሉ በኋላ ነው። ጣሪያው ከመተላለፊያው በፊት የሚሆነው የወረደውን ደግሞ ላለመጥረግ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ልጆችና ከብቶች መተላለፊያውን እንዳይረግጡ መከልከል ይገባል። የተረገጠ በረዶ ፍሬው እርስ በርሱ ይጣበቅና ድንጋይ ይሆናል፤ ያኔ ዶማ ካልሆነ የሚፈነቅለው የለም፣ ዶማው ደግሞ ሰሚንቶውን ይፈነቅላል።

ሁለት ሰው ካለ በየ15 ደቂቃው መቀያየር ይሻላል። በዕድሜ የገፉ፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ያለባቸው አባወራዎች አካፋውን ለወጣት ይስጡ፤ በብርድ ውስጥ ድንገት ከባድ ማንሳት ልብን ይፈትናል። የሚያነሳው ሰው ጉልበቱን እንጂ ወገቡን አያጥፍ፤ ሲደፋም በእግሩ ይዙር።

የተነሳው በረዶ የቤት ግድግዳ ሥር አይከመር፤ በተለይ በጭቃ የተመረገ ከሆነ ሲቀልጥ ምርጉን ከሥር ያረግፈዋል። ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ይራቅ፤ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ይሁን፤ ጥላ ውስጥ የተከመረ ማግስቱንም ይቆያል። ቀፎ ያለው ሰው የቀፎውን መግቢያ ይይ፤ የዘጋው በረዶ በለስላሳ ቅርንጫፍ ይጠረግ እንጂ ቀፎው አይመታ።

ሥራው ሲያልቅ አካፋው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደገና ሰም ተቀብቶ ይሰቀል። የበርሜል መግፊያው ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ይቀመጥ፤ ፀሐይ ፕላስቲኩን ያደርቀውና ከዓመት በኋላ ብሎኑ ሥር ይሰነጠቃል። ቀርከሃው ጭስ ከሚያገኘው ከማዕድ ቤቱ ጣሪያ ሥር ቢሰቀል ነቀዝ አይደፍረውም። ሚያዝያ ሲገባ የጣውላው ላስቲክ ታጥፎ ይታይ፤ የሚሰነጠቅ ከሆነ ከግንቦት በረዶ በፊት ይቀየር።